ኮዱ የሁሉ፣ ስሙስ የማን?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። የሊኑክስን ስም ያወጣው ግን አሪ ሌምከ የሚባል ፊንላንዳዊ ነው። በ1991 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው) የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሠራውን ከርነል «ፍሪአክስ» ሊለው ነበር ሐሳቡ፤ በራሱ ስም መጥራቱ ጉራ መስሎት። ፋይሉ የሚቀመጥበትን ሰርቨር ከሚያስተዳድሩት አንዱ የነበረው ሌምከ ግን ስሙ አልጣመውም። ባለቤቱን ሳያማክር ማኅደሩን «ሊኑክስ» ብሎ ሰየመው። ቶርቫልድስም ኋላ ላይ ተስማማ።

እንዲህ እንደ ዋዛ የተለጠፈ ስም ለዓመታት የዘለቀ ቅሬታ ይወልዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኦፕን ሶርስ በሚባለው መንደር ኮዱን ማንም ሰው አንብቦ፣ ቀድቶ፣ እንደፈለገው ለውጦ ማደል ይችላል። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ሲጀምሩ ደመወዝ የሚከፍላቸው አልነበረም። ኮድ ለሺህ ሰው ቢታደል አይጎድልም፤ ስም ግን እንደዚያ አይደለም። የመንደሩን የታወቁ ጠቦች ስናገላብጥ ብዙ ጊዜ ከሥር የምናገኘው ስምን ነው።

ሪቻርድ ስቶልማን «ግኑ» የተሰኘውን ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደሚሠራ ያስታወቀው በ1983 ነው። ቶርቫልድስ ብቅ ባለበት ጊዜ የስቶልማን ሰዎች ኮምፓይለሩን፣ የጽሑፍ ማረሚያውን፣ ትእዛዝ መቀበያውን ሠርተው ጨርሰዋል፤ የጎደላቸው ከርነሉ ነበር፤ ማለትም ሌሎቹ ፕሮግራሞች ከማሽኑ ጋር የሚገናኙበት እምብርት። ሞተር ብቻ የቀረው መኪና በሉት። ሞተሩ ከሌላ ሰው ጓሮ መጣና መኪናው በሙሉ በሞተሩ ስም ተጠራ። ስቶልማን በ1996 «ሊግኑክስ» የሚል ስም ሞከረ፤ ሰው አልተቀበለውም። ከዚያ ወዲህ «ግኑ/ሊኑክስ በሉ» እያለ ኖሯል። ዴቢያንን የመሳሰሉ ሰሙት፤ ሌላው ሕዝብ ግን አጭሩን መረጠ። በእኛ እምነት በነገሩ እውነትነት ስቶልማን ትክክል ነው፤ ግን የሰውን አፍ በክርክር ማሳመን ከባድ ነው።

የሚገርመው፣ ምስጋና በግዴታ እንዲነገር ያዘዘ ሕግ ሲመጣ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ይኸው ስቶልማን መሆኑ ነው። በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቢኤስዲ የተባለውን ሲስተም ለዓለም ሲለቅ በፈቃዱ ላይ አንድ አንቀጽ አስገብቶ ነበር። ሶፍትዌሩን የሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ «በዚህ ውስጥ ዩኒቨርሲቲውና ተባባሪዎቹ የሠሩት አለበት» ብሎ ይጻፍ ይላል። ለአንድ ተቋም ምንም አይደለም። ነገር ግን ሌሎች ሠሪዎች አንቀጹን እየቀዱ በዩኒቨርሲቲው ቦታ የራሳቸውን ስም አስገቡበት። ስቶልማን በ1997 ኔትቢኤስዲ በተባለው ሲስተም ውስጥ እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ቢቆጥር 75 ሆነ። አንድ ማስታወቂያ ለማውጣት 75 ምስጋና! ማስታወቂያው የሰርግ ጥሪ ወረቀት ሊመስል ነው። ዩኒቨርሲቲው በጁላይ 1999 አንቀጹን ሰረዘው።

የቀረው ግዴታ ቀላሉ ነው፤ በፋይሉ አናት ላይ ያለውን የባለመብቱን ስም አትፋቅ የሚል። ስሙ እዚያ አለ፤ ማን ከፍቶ ያነበዋል ነው ጥያቄው። ከወላጆቻችን ካሴቶች ጀርባ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። «ሕዝብ» የተባለው ብዙ ጊዜ ስሙ የተረሳ አንድ ሰው ነው።

ከፋይሉ አናት ይልቅ ሰው የሚያየው የፓኬጁን ስም ነው። ዴቢያን ዓይነቱ ስርጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን ከየሠሪዎቻቸው ሰብስቦ፣ አስተካክሎ፣ በየስማቸው አሽጎ ያስቀምጣል። ተጠቃሚው ስሙን ይጽፋል፤ የታሸገው ይመጣለታል። በሠሪውና በተጠቃሚው መካከል አሻጊ የሚባል ሰው አለ ማለት ነው፤ የስም ታሪኩም እዚህ ላይ ይወሳሰባል።

ፋየርፎክስን እንውሰድ። በሴፕቴምበር 2002 ሲወጣ ስሙ «ፊኒክስ» ነበር፤ ከራሷ አመድ የምትነሣዋ ወፍ። ፊኒክስ ቴክኖሎጂስ የተባለ ኩባንያ ስሙ የእኔ ነው አለ። በኤፕሪል 2003 «ፋየርበርድ» ተባለ። አሁን ደግሞ ሌላ ባለቤት ተገኘ፤ ግን ኩባንያ ሳይሆን እንደ ሞዚላዎቹ ሁሉ ኮዱን ለሁሉ የሚያድል የዳታቤዝ ቡድን ነው። ቦርላንድ በ2000 ኮዱን ከለቀቀው ኢንተርቤዝ የተወለደ ሲሆን በዚያው ስም ሦስት ዓመት ገደማ ሠርቷል። ሞዚላዎች መጀመሪያ ላይ «የእኛ ብራውዘር፣ የእናንተ ዳታቤዝ፤ ምን ያጣላናል?» ዓይነት መልስ ነበራቸው። ትንሹ ቡድን ዝም አላለም፤ በስሙ የሚፈልገው ሰው ሁሉ ብራውዘር ሊያገኝ ነውና። ሞዚላ በፌብሩዋሪ 2004 ለሁለተኛ ጊዜ ስም ቀየረ፤ ፋየርፎክስ የተባለውም ያኔ ነው።

ትንሹ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናውም። በማርች 2016 አዘር ኮቹሉ የተባለ ፕሮግራመር «ኪክ» ብሎ የሰየመውን ፓኬጅ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ የመልእክት መላላኪያ ኩባንያ ጠየቀው። እምቢ አለ። ፓኬጆቹን የሚያስቀምጠው ኤንፒኤም ስሙን ለኩባንያው ሰጠ። ኮቹሉም ከ250 በላይ ፓኬጆቹን ነቅሎ ወጣ። ከመካከላቸው 11 መስመር ብቻ ያላት «ሌፍት-ፓድ» ነበረች፤ እሷ ላይ የተንጠላጠሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ያን ቀን ቆሙ። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ ፓኬጇን መለሳት። ስሙን ግን ለኮቹሉ አልመለሰም።

ወደ ፋየርፎክስ እንመለስ። ዴቢያን ብራውዘሩን በስሙ ያሽግ ነበር፤ ዓርማውን ግን አውጥቶ ነበር፤ የዓርማው ፈቃድ እንደ ኮዱ ነጻ ስላልነበረ። በ2006 ሞዚላ ስሙና ዓርማው አይነጣጠሉም አለ፤ በፋየርፎክስ ስም የሚወጣ ለውጥም መጀመሪያ ይታይልኝ አለ። ስጋቱ እውነት ነው። ማንም ኮዱን ነካክቶ በእነሱ ስም ቢያድል ስድቡ የሚመጣው ወደ እነሱ ነው። ዴቢያን ደግሞ ለዓመታት በማይለወጥ እትሙ ላይ የደኅንነት ጥገና ሲጨምር ከውጭ ፈቃድ እየጠበቀ መኖር አልቻለም። ስለዚህ ስሙን ቀየረ፤ «አይስዊዝል» ተባለ። እሳቱ በረዶ፣ ቀበሮው ሌላ ትንሽ አውሬ ሆነ። ኢሜይል የሚያነበው ተንደርበርድም «አይስዶቭ» ሆነ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሳቀ፤ የልጆች ኩርፊያ ነው ተባለ። እኛ ግን ከታሪኩ ሁሉ ጨዋው ክፍል ይህ ነው እንላለን። ዴቢያን በ1997 ባወጣው የነጻ ሶፍትዌር መመሪያ ላይ፣ ሠሪው ሥራዬን የለወጠ ሰው ስሙንም ይለውጥ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ራሱ ጽፎ ነበር፤ ተራው ሲደርስም አደረገው። የሞዚላ ሰዎች ስም በየፋይሉ አናት ላይ እንደነበረ ቆየ፤ በሽፋኑ ላይ ግን «ይህን እኛ ነካክተነዋል» የሚል ምልክት ነበረ። ተጠቃሚው አልተታለለም። በ2016 የዴቢያን ለውጥ የብራውዘሩን ጥራት እንደማይጎዳ ሞዚላ ተቀበለ፤ የዓርማው ፈቃድም ቀድሞ ተስተካክሎ ነበርና የቀድሞው ስም ተመለሰ።

እዚያው ዴቢያን ውስጥ፣ በዚያው ዘመን፣ ተቃራኒውም ተፈጽሟል። ኤፍኤፍኤምፔግ ቪዲዮና ድምፅን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ የሚለውጥ፣ ፋብሪስ ቤላርድ በ2000 የጀመረው ፕሮግራም ነው። ቪኤልሲ ላይ ፊልም ያየ ሰው ሳያውቀው ተጠቅሞበታል። በ2011 መጀመሪያ ከሠሪዎቹ ከፊሉ በመሪው በሚካኤል ኒደርማየር አሠራር ተማርረው ፕሮጀክቱን ሊረከቡ ሞከሩ። ቅሬታቸው ከንቱ አልነበረም። ስሙ ግን የቤላርድ ስለነበረና ከኒደርማየር ወገን ጋር ስለቀረ፣ በማርች ወር «ሊብአቪ» ብለው ተገንጥለው ወጡ። ይህም ስም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ የኤፍኤፍኤምፔግ ላይብረሪዎች ስም ከጥንቱም በ«ሊብአቪ» ነበር የሚጀምረው።

መገንጠል በዚህ መንደር መብት ነው። ችግሩ በዴቢያንና በኡቡንቱ ፓኬጁን ያሽጉ የነበሩት ሰዎች ከሊብአቪ ወገን መሆናቸው ነበር። «ኤፍኤፍኤምፔግ» የሚለው የፓኬጅ ስም እንዳለ ቀረ፤ ውስጡ ግን የሊብአቪ ሆነ። በዚህ ላይ ተጠቃሚው ትእዛዙን ሲጽፍ «ይህ ፕሮግራም ጊዜው አልፎበታል፤ በምትኩ አቪኮንቭን ተጠቀም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣለት ጀመር። በቴክኒክ ቋንቋ ከተከራከርን ጊዜው ያለፈበት የሊብአቪ የራሱ ቅጂ ነው። ግን ማን እንዲህ ያነበዋል? አንባቢው የተረዳው ኤፍኤፍኤምፔግ ሞቷል ብሎ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ በሕይወት ነበር፤ የሊብአቪን ማሻሻያ ሁሉ እየቀዳ የራሱንም እየጨመረ ይሠራ ነበር።

ሠሪው በገዛ ስሙ በታሸገ ዕቃ ላይ መርዶው ሲነገር መስማቱ ምን እንደሚመስል አስቡት። የፈቃዱ ውል አልተጣሰም፤ በፋይሎቹ አናት ላይ ያለ አንድ ስም እንኳ አልተፋቀም። የሚከሰስበት አንቀጽ የለም።

ኡቡንቱ በ2015 የጸደይ እትሙ እውነተኛውን ኤፍኤፍኤምፔግ መለሰ፤ ዴቢያንም በዚያው ዓመት ወደ እሱ ለመመለስ ወሰነ። ኒደርማየር በጁላይ ወር መጨረሻ ከመሪነቱ ለቀቀ። ሊብአቪ እየደከመ ሄዶ ቆሟል። በ2012 እና በ2013 ለጀማሪዎች የተሰጡ «አቪኮንቭን ጫኑ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ ቀርቷል» የሚሉ መልሶች ግን ዛሬም ሲፈለጉ ይገኛሉ።