የጉዳትና የዕድሜ ጫና በኢትዮጵያ ሯጮች ላይ

በአትሌቲክስ የጉዳትና የዕድሜ ጫና የሚባለው የዓመታት ልምምድ፣ በደንብ ሳይድን የቀረ ጉዳትና የዕድሜ መግፋት በአትሌቱ አካል ላይ የሚተዉት ዘላቂ ተጽዕኖ ነው። በኢትዮጵያ በተለይ በረጅም ርቀትና በማራቶን ሯጮች ላይ ጎልቶ ይታያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልምምድ ቦታና መንስኤ

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ዋና ጽሕፈት ቤት በአዲስ አበባ ጉርድ ሾላ ይገኛል። ብዙ ሯጮች የሚለማመዱት ደግሞ ከከተማዋ በስተሰሜን ባለውና ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚያልፈው የእንጦጦ ተራራ ነው። ከፍታው ለትንፋሽ ጥንካሬ ይጠቅማል፤ መሬቱ ግን እግርን ይፈትናል። ዳገት በባትና በተረከዝ ጅማት ላይ ጫና ያበዛል፤ ቁልቁለት ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻንና ጉልበትን ያደክማል።

አብዛኛው የሯጮች ጉዳት በአንድ ጊዜ አደጋ ሳይሆን በጫና መደጋገም ይመጣል። የተረከዝ ጅማት የደም ዝውውሩ አነስተኛ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይድናል። ቀድሞ የተጎዳ ሰውም እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

የዕድሜ ተጽዕኖ

ከ30ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በኋላ ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ጊዜ የሚጠቀመው የኦክስጅን መጠንና የልብ ከፍተኛ ምት ይቀንሳሉ፤ ጅማት ይደርቃል፤ ከልምምድ በኋላ ማገገም ጊዜ ይወስዳል። አስቀድሞ የሚቀንሰው ፍጥነት ስለሆነ፣ ብዙዎች ከመም ሩጫ ወደ ማራቶን ይሸጋገራሉ። ማሞ ወልዴ በ1968 የሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 በሙኒክ ነሐስ ያገኘው በ40 ዓመቱ ነው።

ታዋቂ አትሌቶች

አበበ ቢቂላ፦ በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ የቶኪዮን ማራቶን አሸነፈ። በ1968 ግን በእግር ጉዳት ምክንያት ውድድሩን አቋረጠ። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሲታከም ቆይቶ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውድድር ተሳትፏል። በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፦ በ2000 የሲድኒ 10,000 ሜትርን ያሸነፈው የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2008 በበርሊን 2:03:59 በመግባት የማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2010 በኒውዮርክ በጉልበት ሕመም አቋርጦ ሩጫ ማቆሙን ቢናገርም ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ፤ ከውድድር የተሰናበተው በ2015 ነው።

ጥሩነሽ ዲባባ፦ በጉዳት ምክንያት የ2009 እና የ2011 የዓለም ሻምፒዮናዎች አመለጧት። በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቋን አስጠበቀች።

ቀነኒሳ በቀለ፦ በ2010 መጀመሪያ ባቱን ተጎድቶ ከውድድር ለረጅም ጊዜ ራቀ፤ በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትርን አቋረጠ። በ2019 በበርሊን ማራቶን 2:01:41 ሲገባ ለክብረ ወሰኑ የቀረው 2 ሰከንድ ብቻ ነበር። በ2020 ግን የባት ጉዳት ከለንደን ማራቶን አስቀረው። በ2024 በ41 ዓመቱ በለንደን 2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ሆኗል።

የኑሮ ጫና

የአትሌት ገቢ በአብዛኛው ከሽልማት፣ ከውድድር መግቢያ ክፍያና ከስፖንሰር የሚገኝ ነው። ስለዚህ ጉዳት ገቢንም ያቋርጣል። አንድ ማራቶን የወራት ዝግጅት ስለሚጠይቅ፣ የቀረ ውድድር በቶሎ አይተካም። ይህም አንዳንድ ሯጮች ሕመማቸውን ደብቀው ወይም ሳያገግሙ እንዲሮጡ ይገፋፋል፤ ቀላል የነበረው ጉዳትም በዚሁ ሥር ይሰዳል። የታወቁት ሯጮች ከሕክምና በኋላ ለመመለስ ጊዜና ገንዘብ ነበራቸው፤ ስም ሳያፈራ የተጎዳ ወጣት ሯጭ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሉትም።

የመገጣጠሚያ ጉዳት የደረሰበት ሯጭ ሩጫ ካቆመ በኋላም በዚያው ቦታ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያድርበት ይችላል። በቂ ዕረፍት፣ የጡንቻ ማጠናከሪያ ልምምድና የጫናን መጠን ቀስ በቀስ መጨመር ጉዳትን ከሚቀንሱ መንገዶች ውስጥ ናቸው።