የማክዳ እራት

የትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን መቀበል የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። እዚህ በማስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ፒያሳ የገዛሁትን ሥዕል ሰቅያለሁ። አርባ አራት ትንንሽ ክፍሎች አሉት፤ ከላይ ከግራ ጀምሮ እንደ ጽሑፍ ይነበባል። ታሪኩ የንግሥተ ሳባ የማክዳና የሰሎሞን ነው።

ምንጩ ክብረ ነገሥት ነው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን መባቻ በግእዝ የተጻፈ፣ ነገሥታቱ ዙፋናቸውን ያጸኑበት መጽሐፍ። ሰሎሞን ለእንግዳው ሆን ብሎ የሚያስጠማ ነገር አቀረበላት ይላል፤ ዓሣ፣ በርበሬ የበዛበት ምግብ፣ ሆምጣጤ የገባበት መጠጥ። እሱ በግድ ላይነካት፣ እሷም ከቤቱ ምንም በግድ ላትወስድ ተማማሉ። ሌሊት ጥም ሲያቃጥላት ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ስትል እጇን ያዛት።

በላቸው ይመርን የመሰሉ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ይህን ክቡር ታሪክ ወደ ራሳቸው ጓዳ አስገቡት። በኔ ሥዕል ኢየሩሳሌም ውስጥ መሶብ ቀርቧል፣ ጠጁ በብርሌ ነው፣ አሳላፊዎቹ ነጠላ አገልድመዋል። እኔ ደጋግሜ የማየው ግን ወጥ ቤቱን ነው፤ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ድስቱ ላይ በርበሬ ትነሰንሳለች። የመንግሥት ምሥጢር በእጇ ያለ ይመስላል! የንግሥቲቱ ደንገጡርም ሌሊት ተነሥታ ውኃ ስትጠጣ ትያዛለች፤ ይህ ከሕዝቡ አፈ ታሪክ የመጣ ነው።

አንዲት የኑዌር ተማሪዬ ታሪኩን ከሰማች በኋላ በደብተሯ የራሷን ማክዳ ሣለች፤ ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች ከበዋታል፣ ከፊቷ የማሽላ ምግብና ወተት አለ። ከግድግዳው ሥዕል አጠገብ ለጠፍኩላት።

የጥንቱን ታሪክ የራስን ዘመን ልብስ በማልበስ ጨዋታ ጃፓኖችም የተካኑ ናቸው። ሱዙኪ ሃሩኖቡ በ18ኛው መቶ ዘመን በእንጨት ኅትመቱ የጥንቷን ባለቅኔ ኦኖ ኖ ኮማቺን በዘመኑ ወጣት ሴት መልክ አወጣት። ከ1829 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሪዩቴይ ታኔሂኮ ጽፎ፣ ኩኒሳዳ ሥሎ የልዑል ገንጂን ታሪክ በአዲስ ልብስ አቀረቡት፤ ሕዝቡ ተሻማበት፤ በ1842 ባለሥልጣናት አስቆሙት።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ይበልጥ ከባድ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የዘውዱን የዘር ሐረግ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይመዝዘዋል። ሕግ የሆነውን ታሪክ ሠዓሊው ከነወጡ፣ ከነጠጁ፣ ከነመኝታ ቤቱ ለመንገደኛ ይሸጥ ነበር፤ ይህን ድፍረት ከልቤ አከብረዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር ወደቀ፤ ማክዳ ግን ዛሬም እየተሣለች ትሸጣለች።