ዊድቢ አይላንድ (የመርከብ መደብ)

ዊድቢ አይላንድ ወታደሮችን፣ ታንኮችንና ሌሎች ከባድ ተሽከርካሪዎችን ከባሕር ወደ የብስ ለማውረድ የተሠሩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች መደብ ነው። መደቡ ስምንት መርከቦች ሲኖሩት የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የመጨረሻዋ በ1992 አገልግሎት ጀምረዋል። ስሙ የተወሰደው በዋሽንግተን ግዛት ከሚገኝ ደሴት ነው። መርከቦቹ ውሃ ሊሞላና ሊደርቅ የሚችል ዶክ በሆዳቸው ስለያዙ ባለ ዶክ የማውረጃ መርከቦች ይባላሉ።

አመጣጥ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክ የሚያወርዱ ትንንሽ ጀልባዎች ውቅያኖስን በራሳቸው ማቋረጥ አይችሉም ነበር። ትልልቅ የጭነት መርከቦች ደግሞ ወደብ በሌለበት ዳርቻ መጠጋት አይሆንላቸውም። መፍትሔ የሆነው ጀልባዎቹን ከነጭነታቸው በአንድ ትልቅ መርከብ ሆድ ውስጥ ማጓጓዝ ነው። ሐሳቡ ከብሪታንያ ሲመነጭ መርከቦቹን የሠራችው አሜሪካ ናት። የመጀመሪያዋ አሽላንድ እ.ኤ.አ. በ1943 አገልግሎት ጀምራ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በፓስፊክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ታራዋ ታንኮችን አጓጉዛለች። የዊድቢ አይላንድ መደብ ስምንተኛ መርከብም በዚሁ ስም ተሰይማለች።

ንድፍ

የመደቡ መርከብ 186 ሜትር ያህል ርዝመትና 26 ሜትር ያህል ስፋት ሲኖራት ሙሉ ጭነት ስትይዝ ክብደቷ 16,000 ቶን ገደማ ይደርሳል። አራት የናፍጣ ሞተሮች ሁለት ዘንጎችን እያዞሩ ከ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር) በላይ ያስጉዟታል። ከ400 ገደማ ባሕረኞች ሌላ 400 ያህል የማሪን ወታደሮችን ትይዛለች።

የንድፉ ዋና ክፍል 134 ሜትር ያህል ርዝመትና 15 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ዶክ ነው። ጀልባ ለማስወጣት የመርከቧ ታንከሮች በባሕር ውሃ ይሞላሉ፤ የኋላዋ ክፍል ሆን ተብሎ ዝቅ ይላል፤ የኋላው በር ሲከፈትም ባሕሩ ወደ ዶኩ ይገባና ጀልባዎቹ ተንሳፍፈው ይወጣሉ። ሥራው ሲያበቃ ውሃው ከታንከሮቹ ተገፍቶ ይወጣና መርከቧ ወደ ቀድሞ ከፍታዋ ትመለሳለች።

መደቡ የተነደፈው አራት ሆቨርክራፍቶችን ለመያዝ ነው። ሆቨርክራፍት በአየር ትራስ ላይ ስለሚንሳፈፍ አንድ ከባድ ታንክ ጭኖ ከውሃው በቀጥታ ወደ አሸዋው መውጣት ይችላል። መርከቧ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት ወለል ቢኖራትም የሄሊኮፕተር መጠለያ ግን የላትም።

ዶኩ ሰፊ ቦታ ስለሚወስድ ለሌላ ጭነት የሚቀረው ቦታ አነስተኛ ነው። በዚህም ምክንያት ቀጥሎ የመጣው የሃርፐርስ ፌሪ መደብ የሆቨርክራፍቶቹን ቁጥር ወደ ሁለት ቀንሶ የጭነት ቦታውን አስፍቷል።

ሚና

መርከቦቹ የሚይዟቸው መሣሪያዎች በአጭር ርቀት ራስን ለመከላከል ብቻ ስለሆኑ በተለምዶ ከሌሎች የማውረጃ መርከቦች ጋር በቡድን ይንቀሳቀሳሉ፤ ጠንካራ ጥቃት በሚያሰጋበት ባሕርም የአጃቢ መርከቦች ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል። ቀላል አደጋን ግን ብቻቸውን ይመክታሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ከጅቡቲ ራቅ ብሎ፣ አንዲት ጀልባ በአሽላንድ ላይ ተኩስ ስትከፍት መርከቧ በመድፍ መልሳ ጀልባዋን አቃጥላለች።

ወደብ ሳያስፈልግ ጭነት ማውረድ መቻል በሰላም ጊዜም ይጠቅማል። በጃንዋሪ 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ የሄይቲን ዋና ከተማ ወደብ በጎዳ ጊዜ የመደቡ መርከቦች ለእርዳታ ተሰማርተዋል።

ፎርት ማክሄንሪ በ2021፣ ዊድቢ አይላንድ ደግሞ በ2022 ከአገልግሎት ወጥተዋል። የባሕር ኃይሉ እርጅና የተጫናቸውን እነዚህን መርከቦች በሳን አንቶኒዮ መደብ አዳዲስ መርከቦች ለመተካት አቅዷል።