ከአማኑኤል እስከ ጋዝጊብላ፦ ባለሙያን በአገር የማሠልጠን ታሪክ

ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ቁስሉ ቢሽርም ችግሩ ላያበቃ ይችላል። የተነገረውን ይረሳል፤ የጀመረውን አይጨርስም፤ ጠባዩ ይለወጣል። ቤተሰቡም «ምን ነካው?» ይላል። ከአእምሮው ሥራ የቱ እንደተጎዳ፣ የቱ እንደተረፈ በፈተና የሚለካው ባለሙያ ኒውሮሳይኮሎጂስት ይባላል። ጦርነት ላለፈበት ዋግ ኽምራ ይህ ሙያ ቅንጦት አይደለም።

ባለሙያውን እንዴት እናግኝ? መልሱ በራሳችን ታሪክ ውስጥ አለ።

አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቋቋመ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት፣ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ሄደው የቀሩም አሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ገደማ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን እዚሁ ጀመረ። ተማሪው ወደ ካናዳ በመሄድ ፈንታ መምህራኑ በየተራ ለአንድ ወር ያህል እየመጡ በእኛው ሕሙማን አልጋ አጠገብ አስተማሩ። ከተመረቁት ውስጥም ተራውን መምህር የሆነ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የኒውሮሎጂ ሥልጠና በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ።

አሁን ተራው የኒውሮሳይኮሎጂ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1997 በሂውስተን ጉባኤ ያወጡት መመሪያ የሥነ ልቦና ዶክትሬት፣ የተግባር ልምምድ፣ ከዚያም የሁለት ዓመት ሬዚደንሲ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ውጭ አገር የጨረሰ ሰው ግን ሰቆጣ ሲደርስ የያዘው ፈተና ይከዳዋል። 15 ቃላት ሰምቶ በቃል መድገም፣ የተሣለውን ዕቃ ስም መጥራት፣ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን መዘርዘር፤ የእነዚህ ፈተናዎች ሚዛን የወጣው በአብዛኛው ትምህርት ቤት በገቡ ባሕር ማዶኞች ነው። ኽምጣና ተናጋሪና ፊደል ያልቆጠረ ጤነኛ ገበሬ በዚያ ሚዛን «ታማሚ» ሊባል ይችላል። እውነተኛውን ታማሚ ከእሱ መለየትም ያስቸግራል።

ስለዚህ ሥልጠናው አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ይከፈት፤ ተማሪው የልምምዱን ከፊል ጊዜ እንደ ዋግ ኽምራ ባሉ አካባቢዎች ያሳልፍ። የመመረቂያ ሥራውም ፈተናዎቹን በአማርኛና በኽምጣና ማዘጋጀት፣ ሚዛናቸውንም ከአካባቢው ጤነኛ ሰዎች ማውጣት ይሁን። መምህራንን ከቶሮንቶ በአውሮፕላን ያመጣች አገር፣ ተማሪዋን በመኪና እስከ ጋዝጊብላዋ አስከተማ መላክ አያቅታትም።