አልፎንሶ 6ኛ (ሌዮንና ካስቲያ)

አልፎንሶ 6ኛ በአሁኗ እስፓንያ ከ1065 ጀምሮ የሌዮን፣ ከ1072 ጀምሮ ደግሞ የካስቲያ ንጉሥ ነበረ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በተለይ የሚታወቀው የቶሌዶን ከተማ ከሙስሊሞች በመያዙ ነው።

ወደ ዙፋን መውጣቱ

አባቱ ፈርናንዶ 1ኛ በ1065 ሲሞት ግዛቱ ለሦስት ወንዶች ልጆቹ ተከፈለ። ሳንቾ ካስቲያን፣ አልፎንሶ ሌዮንን፣ ጋርሲያ ጋሊሲያን ወረሱ። በ1072 ሳንቾ አልፎንሶን በጎልፔኼራ ውጊያ ድል አደረገው፤ አልፎንሶም ተሰድዶ በቶሌዶው ሙስሊም ንጉሥ በአል-ማሙን ዘንድ ተጠለለ። በዚያው ዓመት ሳንቾ የሳሞራን ከተማ ከብቦ ሳለ ተገደለ። አልፎንሶም ተመልሶ የወንድሙን ዘውድ ጨመረ። በ1073 ጋርሲያን አሰረው፤ እርሱም በ1090 እስረኛ እንደ ሆነ ሞተ።

የቶሌዶ መያዝ

የኮርዶባ ኸሊፋነት በ1031 ከፈረሰ በኋላ የሙስሊሞቹ አገር «ጣይፋ» በተባሉ ትንንሽ መንግሥታት ተከፋፍሎ ነበር። አልፎንሶ ከእነዚህ «ፓሪያ» የሚባል የወርቅ ግብር ይቀበል ነበር። በመጨረሻ ቶሌዶን ከብቦ በሜይ 25 ቀን 1085 ገባባት። ያስጠለለው የአል-ማሙን የልጅ ልጅ አል-ቃዲር ከተማይቱን አስረክቦ በምትኩ በቫሌንሲያ እንዲነግሥ ተደረገ። በስምምነቱ ሙስሊሞች ንብረታቸውንና ዋናውን መስጊድ እንዲይዙ ቃል ተገባላቸው፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ መስጊዱ ካቴድራል ሆነ።

የሙራቢጦች መምጣት

የቶሌዶ መውደቅ የቀሩትን የጣይፋ ነገሥታት ስላስፈራቸው በሞሮኮ የሙራቢጦችን መሪ ዩሱፍ ኢብን ታሽፊንን ለእርዳታ ጠሩ። በ1086 ዩሱፍ አልፎንሶን በዘላቃ ውጊያ ድል አደረገው። አልፎንሶ ቶሌዶን ቢያቆይም፣ ዩሱፍ ከ1090 ጀምሮ የጠሩትን ነገሥታት ራሳቸውን እየሻረ ግዛታቸውን ያዘ፤ የወርቁም ግብር ተቋረጠ።

መጨረሻው

ብቸኛ ወንድ ልጁ ሳንቾ በ1108 ከሙራቢጦች ጋር በተደረገው የኡክሌስ ውጊያ ገና በወጣትነቱ ሞተ። አልፎንሶ በሚቀጥለው ዓመት በቶሌዶ ዓርፎ በሳአጉን ገዳም ተቀበረ። ወንድ ወራሽ ስላልነበረው ሴት ልጁ ኡራካ በዙፋኑ ተተካች።