የሞተር ብልጭታና ጊዜው



አሮጌ መኪና ያለው ሰው ጧት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲነሣ ሞተሩ ቢያስቸግረው፥ መንገድ ላይ ቆሞ ሳለም ቢጠፋበት፥ በቤንዚኑ ወይም በብርዱ ያመካኛል። ነገር ግን ብልጭታው ጊዜውን ስቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የጊዜ ጉዳይ ረጅም ታሪክ ያለው ስለ ሆነ በአጭሩ ልናወሳው ወደናል፤ ዘመናቱም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከት። በሲሊንደር ውስጥ የታመቀው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በካንዴላው ብልጭታ ሲለኮስ ወዲያው ነድዶ አያልቅም፤ ለመንደድ ጊዜ ይፈልጋል። ፒስተኑ ግን አይጠብቀውም። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ 18 ዲግሪ ይሄዳል፤ በደቂቃ 850 ጊዜ ሲዞር ግን የሚሄደው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ አስቀድሞ መምጣት አለበት፤ ፍጥነቱ በጨመረ መጠንም ይበልጥ ሊቀድም ይገባዋል። ከልክ በላይ ቢቀድም እሳቱ ወደ ላይ የሚወጣውን ፒስተን መልሶ ይገፋዋል፤ ቢዘገይ ደግሞ ኃይሉ ይደክማል፥ ቤንዚኑም በከንቱ ይባክናል።

ይህን ጊዜ የመወሰን ሥልጣን በቀድሞው ዘመን የሾፌሩ ነበረ። ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ፎርድ ሞዴል ቲ ከመሪው ሥር በስተግራ የብልጭታ፥ በስተቀኝም የቤንዚን ዘንግ ነበረው። ሾፌሩ ሞተሩን በማኑቬላ ከማስነሣቱ በፊት የግራውን ዘንግ ወደ ላይ ገፍቶ ብልጭታውን ያዘገያል፤ ከተነሣም በኋላ ወደ ታች እየሳበ ያስቀድመዋል። ይህን የዘነጋ ሰው ማኑቬላው በድንገት ወደ ኋላ ተመልሶ ክንዱን ሊሰብረው ይችል ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጊዜን መሳት በአጥንት የሚከፈል ዕዳ ነበር።

ይህን ሸክም ለማቃለል ብዙዎች ደከሙ። በጀርመን አገር በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አዋሕዶ ሠራ። በአሜሪካም ቻርልስ ኬተሪንግ በባትሪ፥ በቦቢናና በፑንቲና የሚሠራውን የማቀጣጠያ ዘዴ ለ1910 ሞዴል ካዲላክ አዘጋጀ፤ በ1912 ሞዴል ካዲላክም የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገባ። ከዚያም ወዲህ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩ ክብደቶችና የሞተሩ የመሳብ ኃይል ብልጭታውን እንደ ፍጥነቱና እንደ ጭነቱ ማስቀደም ስለ ጀመሩ፥ የሾፌሩ ዘንግ ከመሪው ሥር ጠፋ።

ሆኖም ሥልጣኑ ለመሣሪያ ተሰጠ እንጂ ኀላፊነቱ ከሰው አልወረደም። ፑንቲናው ከሚዞረው ዘንግ ጋር ሲፋተግ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ባለቀም መጠን ክፍተቱ ይጠባል፥ ብልጭታውም ይዘገያል። መሣሪያው መድከሙን አይናገርምና ሰው ጠጋ ብሎ ሊመረምረው ይገባል።

ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታየውን አሮጌውን ፎልክስዋገን ምሳሌ እናድርግ። በ1967 በተሠራው ባለ 1500 ሞተር በመጀመሪያ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ይደረጋል። ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በፑሌጃው ላይ ያለው የ7.5 ዲግሪ ምልክት ከሞተሩ አካል መገጣጠሚያ መስመር ጋር ይገጠማል፤ በፑንቲናው መስመር ላይ አምፖል ታስሮ ዲስትሪቢዩተሩ ቀስ ተብሎ ይዞራል፥ አምፖሉ በበራበት ቅጽበትም ይታሰራል። በመጨረሻ ሞተሩ ሲሞቅ፥ መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ ወርሰው «ሚኒሞ» የሚሉት፥ ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት በካርቡራተሩ ብሎኖች ይስተካከላል። ይህም ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክፍተቱ ጊዜውን፥ ጊዜውም ሚኒሞውን ይለውጣልና። ብልጭታው ተዛብቶ ሳለ ሚኒሞውን ብቻ ከፍ የሚያደርግ ሰው ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አይፈውሰውም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ይህን ሥራ ሁሉ ኮምፒዩተር ይፈጽመዋል። የአሮጌው መኪና ባለቤት ግን ለመካኒኩ «ሚኒሞውን ጨምርልኝ» ከማለቱ በፊት «ፑንቲናውና የብልጭታው ጊዜ ታይተዋልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ገንዘቡንም ሞተሩንም ያተርፋል።