ከዘመቻው በኋላ የሚቀረው ጉድጓድ

ስለ ዘመቻ አውርተን አንጠግብም። የአድዋን፣ የማይጨውን፣ የመሠረተ ትምህርቱን እያልን እንቆጥራለን። የሽንት ቤት ዘመቻን ግን ማንም አስተምሮን አያውቅም። «ይሄም ታሪክ ሆኖ?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሱን።

ነገሩን ከጎንደር እንጀምር። ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ከጤና መኮንንና ከነርስ ጋር ሳኒታሪያን የሚባል ባለሙያም አሠለጠነ። የሳኒታሪያኑ ሥራ ውሃው፣ ቆሻሻው፣ ሽንት ቤቱ ነበር። ግን ስንቱ ሳኒታሪያን ለስንቱ ገጠር ይዳረስ? እ.ኤ.አ በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። ለሴቶች ደግሞ ይህ ማለት እስኪጨልም መጠበቅ ነው።

በ1995 ዓ.ም የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ከተማሯቸው 16 ፓኬጆች 7ቱ የንጽህና ነበሩ። ቁጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ አለፈ። የደቡብ ክልል በ1996 ዓ.ም ዘመቻውን ሲያጧጡፍ ለማንም ድጎማ አልሰጠም። አባወራው በራሱ እንጨትና ጭቃ ይሥራ ተባለ፤ ተሠራም።

በ1999 ዓ.ም ገደማ ደግሞ ባንግላዴሽ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ገባ። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ መሬት ላይ ካርታ ይሥላል፤ ማን የት እንደሚጸዳዳ ራሱ ያመለክታል፤ ዝንቡ ከሜዳው ተነሥቶ ምግቡ ላይ ሲያርፍ በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ ስብከት አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ በ2015 92ቱ ወደ 29 ወረዱ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ እንደመዘገቡት፣ በእነዚያ ዓመታት ይህን ያህል የቀነሰ አገር አልነበረም።

እሰየው! ግን ሪፖርት የሚቆጥረው የተቆፈረውን ነው። የእንጨትና የጭቃ ሽንት ቤት ምስጥ ይበላዋል፣ ክረምት ይንደዋል፣ ይሞላል። ሁለተኛውን ጉድጓድ የሚያስቆፍር ዘመቻ ደግሞ የለም። እ.ኤ.አ በ2020 ከጎረቤት የማይጋራውና ደረጃውን የጠበቀ ሽንት ቤት የነበረው ከ100 ሰው 10 እንኳ አይሞላም።

እኛ ከተሜዎች በዚህ ለመሳቅ አንቸኩል። ይህን ታሪክ የሠሩት በእኛ ዕድሜ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ በእግራቸው፣ ቤት ለቤት። ያለ ድጎማ ማስቆፈር የሚቻለውን አስቆፍረዋል። የሚታጠብ ወለልና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ግን በምክር ብቻ አይመጣም፤ ገንዘብና ዕቃ ይጠይቃል። መንግሥት ሌላ ዘመቻ ከማወጁ በፊት፣ ያለፈው ዘመቻ ጉድጓዶች ዛሬ ስንቶቹ እንደቆሙ ይቁጠርልን።